ፌስታል የምንለቅምባቸው ጠዋቶች

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነበር። ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ በቀጥታ ወደ ግቢው የሚከፈት። ከግቢው ማዶ አከራያችን ይኖሩ ነበር። ሶማሌ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሞቱባቸው የቆዩ፣ ልጆቻቸው ተድረው የወጡላቸው ሴት። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛ ይችላሉ። የሚናገሩት ግን በራሳቸው ሕግ ነው፤ ለእሳቸው ሰው ሁሉ «አንቺ» ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ «መጣሽ? ወደቡ እንዴት ዋለ?» ይሉታል። እሱም ምንም ሳይመስለው «ደኅና ነው ኤዶ፣ መጣሁ» ብሎ ያልፋል። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነበር።

እኔ ናዝሬት ያደግሁ ስለሆንኩ ትልቅ ሰው አንቺ ማለት አፌ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ቀን «እንዴት ዋሉ? ደኅና ነዎት?» ስላቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው መኖሩን አዩ።

«ከኔ ጋር ማን አለ? ስንት ሰው ነው የምትጠይቂው?»

እየሳቁ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ግን እርስዎ ማለቴን አልተውኩም፣ እሳቸውም መቀለዳቸውን አልተዉም።

ሦስት ፍየሎች ነበሯቸው። ጠዋት የግቢው በር ሲከፈት ይወጣሉ፣ ሰፈሩን ሲያስሱ ይውላሉ፣ ፀሐይዋ ስትበረታ ራሳቸው ተመልሰው በሩን በቀንዳቸው ይደበድባሉ። ማንም አይጠብቃቸውም። የሚበሉት ያገኙትን ነው፤ ካርቶን፣ የደረቀ ባጌት፣ የጫት ገረባ። ከሦስቱ አንዷ ነጭ ነበረች፣ የግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ። እኔ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ድንች ስልጥ ትመጣና አገጯን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች። ልጣጩን በእጄ አጎርሳታለሁ። በዚያን ጊዜ ሶማልኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ፈረንሳይኛም አላውቅም፤ ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ የሚመለሰው ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ ከነጯ ፍየል ጋር አወራ ነበር። ስለ እናቴ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሽንኩርቱ ውድነት። ባለቤቴ አንድ ቀን ሰምቶኝ «ከኔ ይልቅ ለሷ ነው ብዙ የምታወሪው» ብሎ ለሳምንት ሲያሾፍብኝ ሰነበተ።

አንድ የሙቀት ወር ላይ ነጯ መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ። አታመሰኳም፣ ትቆምና አንገቷን ዘርግታ ትቃትታለች። ኤዶ ዘይት አጠጧት፣ ሆዷን በመዳፋቸው ሲያሹ ዋሉ፣ የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ ጸለዩላት። በሦስተኛው ቀን መቆም ስላቃታት ከጎረቤት አንድ ሥጋ ሻጭ አስጠሩ።

«ሳትሰቃይ ትታረድ» አሉ።

እኔ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ። ስወጣ ሥጋ ሻጩ እጁን እየታጠበ ነው፣ ኤዶ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጠው ከፊታቸው ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ የሰው ራስ የሚያህል ጥቅል ነገር ይታያል፤ እንደ ገመድ የተገመደ፣ አረንጓዴና ጥቁር የተቀላቀለበት። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ኤዶ ውኃ እያፈሰሱ ጫፉን ይዘው ሲስቡት ረጅም ሆኖ ወጣ። ፌስታል ነበር። አንዱ ካንዱ ተጠማዞ፣ ስንት እንደሆነ መቁጠር የማይቻል ፌስታል።

አንዱን ለይተው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ቢጫው ለቆ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ቀዩ ጽሕፈት ግን ይነበባል። ፊደሉ የኛ ነው። የባለቤቴ አክስት ከአዲስ አበባ ሽሮና በርበሬ የሚልኩልን እንደዚህ ባለ ፌስታል ነበር፤ በግቢው ውስጥ፣ ምናልባትም በመንገዱ በሙሉ፣ የአማርኛ ፌስታል የሚገባበት ቤት የኛ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ባዶውን ፌስታል የምጠቀምበት ለልጣጭ ነው። ልጣጩን አጭቄ፣ አፉን አስሬ፣ መንገዱ ጥግ ያለው ክምር ላይ እጥለዋለሁ። ፍየሏ ልጣጬን ፈልጋ ፌስታሉን እንዴት አብራ እንደበላችው ወዲያው ታየኝ።

«የናንተ ጽሕፈት ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኤዶ።»

«ምን ይላል?»

ኤዶ ማንበብ አይችሉም። ሌላ ነገር ብላቸው አያውቁም ነበር። ግን ዓይናቸው ፊቴ ላይ ስለነበር መዋሸት አቃተኝ።

«'እናመሰግናለን፣ ተመልሰው ይምጡ' ነው የሚለው።»

 ከዚያ ፌስታሉን አጣጥፈው ሳፋው ውስጥ መለሱትና «ማንን ነው የምታመሰግኑት? እሷን?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር የጠየቁ ነው የሚመስለው። እኔ እንባዬ መጣ። እሳቸው እጄን ይዘው ወደ መሬት ሳቡኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የሰፈሩን ሁሉ ነው የበላችው፤ ያንቺ አንድ ነው። አታልቅሺ። እኔም እጥላለሁ።»

ሥጋውን አልበሉትም፤ ሥጋ ሻጩ ደኅና ነው ቢላቸውም ለሚፈልግ ሰው እንዲሰጥ ነገሩት።

ባለቤቴ ቀትር ላይ ሲመጣ ምሳ ሳላቀርብ ነው የነገርኩት። ጫማውን እንኳ አላወለቀም ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ፌስታል አይገባም» አልኩት።

እሱ የሚሠራው አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው፤ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ እንዲያልፍ ወረቀቱን ያዘጋጃል። ሸሚዙን እየፈታ ትንሽ አሰበ።

«ባለፈው ሰሞን አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ፌስታል አሳልፌያለሁ» አለ። «እኔ በኮንቴይነር የማሳልፈውን አንቺ በዘንቢል ልታስቀሪው ነው?»

«ወደቡን አልነካብህም። የምለው የቤቴን ነው።»

«እሺ» አለ። «ጫማዬን ላውልቅ ወይስ እሱም ፕላስቲክ ነው?»

ሳልወድ ሳቅሁ። እሱ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲያዝን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማዘን አያውቅበትም፣ ግን ዝም ብሎም አያልፍም። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ሁለት እጀታ ያለው የሰሌን ዘንቢል ይዞ መጣ። ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም።

ዘንቢሉን ይዤ ገበያ የወጣሁበት የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ሆነ። አትክልት የምገዛው ሁልጊዜ ከአንዲት ወፈር ያለች ሶማሌ ሴት ነው። ከኢትዮጵያ የመጣውን ቲማቲምና ድንች መሬት ላይ በትንንሹ ከምራ ትሸጣለች፤ ለገበያ የሚሆን አማርኛም ታውቃለች። እጇ ከአፏ ይቀድማል፤ ገና «ስንት ነው?» ሳልላት ጣቷን በምራቋ አርሳ ፌስታሉን ከፍታ ግማሹን ጨምራዋለች። «አይ፣ ሳሼ አልፈልግም» አልኳት፤ እዚያ ፌስታልን ሳሼ ነው የሚሉት። ዘንቢሉን ከፍቼ አሳየኋት። ዘንቢሉን አየች፣ እኔን አየች።

«ሳሼ እኮ በነጻ ነው!»

«አውቃለሁ። አልፈልግም።»

አትክልቱን ዘንቢሉ ውስጥ ገልብጣ ፌስታሉን ነፋሱ ላይ ለቀቀችው። ያንን ፌስታል ሮጬ ይዤ ስመለስ ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ።

ሦስት ቀን እንዲህ ስመላለስ ሻጯ ያለወትሮዋ ደግ ሆነች። ከከፈልኩት በላይ ሁለት ሽንኩርት ትጨምርልኛለች። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ራስ ጎመን ዘንቢሌ ውስጥ ከታ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ነገሩን የነገሩኝ ኤዶ ናቸው። አመሻሽ ላይ መጥተው በሬ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባልሽ ከሥራ ወጣች?» አሉኝ።

«ማን? እሱ? ኧረ አልወጣም!»

«ገበያው ሁሉ ወጣች ይላል። ድሃ ሆነዋል፣ ሳሼ የሚሞሉበት ገንዘብ የላቸውም፣ እስኪያልፍላቸው በዘንቢል ይለምናሉ ይላል።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ኤዶ፣ እኔ ነኝ የምለምነው?» አለ። ኤዶ በሳቅ የበሩን መቃን ያዙ። በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው ጉልበታቸው እያመማቸው አብረውኝ ገበያ ወርደው ለሻጯ በሶማልኛ የነጯን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯት። እኔ የገባኝ «ሪ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ፍየል ማለት ነው። ሻጯ አዳምጣ ስትጨርስ አንድ ነገር ተናገረች፣ ኤዶም ተቆጡ።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«ለምን ፍየሏን አታስሪም ነበር ትለኛለች!»

ጎመኑን ልመልስላት ብሞክር አልቀበልም አለች። ከዚያ በኋላ ግን ገና ከሩቅ ስታየኝ ፌስታሎቿን ከጀርባዋ ታስቀምጥ ጀመር።

አትክልቱ ቀላሉ ነበር። ችግሩ ዓሣ ነው። የመጀመሪያ ቀን ዓሣውን እንዳለ ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩት። ከዓሣ ገበያው እስከ ቤቴ ውኃው ይንጠባጠባል፣ ቀሚሴ ራሰ፣ ድመቶች ተከተሉኝ። ቤት ስደርስ አራት ነበሩ። ዘንቢሉን በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት፤ የዓሣው ሽታ አልለቀቀም። ለሁለት ሳምንት ቲማቲማችን ሁሉ ዓሣ ዓሣ አለ። ስለዚህ ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ድስት ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ዓሣ ሻጩ ትንሽ ትንሽ አማርኛ የሚሞክር ሽማግሌ የመናዊ ነበር። ድስቱን ሲያይ መጀመሪያ ዓሣውን እዚያው ልቀቅል የመጣሁ መሰለው።

«እሳት የለኝም፣ ማዳም!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ማዳም ማርሚት» ሆነ፤ ወይዘሮ ድስት እንደማለት ነው። ከገበያው ጫፍ ቆሞ «ማዳም ማርሚት! ዛሬ ለድስትሽ የሚሆን አለኝ!» ሲል ሰው ሁሉ ይዞራል። በመጀመሪያ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እል ነበር። ሲቆይ ግን አንድ ቀን ሳይጠራኝ ካለፍኩ ቅር የሚለኝ ሆንኩ።

እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ብዙ ጊዜ ሰንፌያለሁ። አንድ ቀን ከሰው ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጥሩ ድንች አየሁ። ዘንቢሌን አልያዝኩም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሱቁ ለቀትር ሊዘጋ ነው። በጥቁር ፌስታል ገዛሁና ኤዶ እንዳያዩኝ ሆዴ ላይ አቅፌ በሻሼ ሸፍኜው ገባሁ። ኤዶ ጥላው ውስጥ ተቀምጠዋል። እንዳዩኝ ብድግ አሉ።

«አንቺ! ደበቅሽኝ! ስንት ወርሽ ነው?»

ሁለት እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። ተያየን። ከዚያ እጀታው ተበጠሰና ድንቹ በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ኤዶ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም ከድንቹ መሀል ተቀምጬ ሳቅሁ። ፌስታሉን አንስተው አቧራውን አራገፉና «ይሄስ አያመሰግንም፤ ጽሕፈት የለውም» አሉ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ማስቆም ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የባለቤቴ አክስት ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሀል ይመላለሳል። በመጣ ቁጥር እናቱ የሚልኩትን ያደርስልናል፤ ሽሮው በፌስታል፣ በርበሬው በሁለት ፌስታል፣ ሁሉም ተደርቦ በሌላ ትልቅ ፌስታል። አንድ ቀን ሲነሣ፣ «ለእናትህ ለእትዬ ንገርልኝ» አልኩት። «ከእንግዲህ በፌስታል አይላኩልኝ፤ እኛ ቤት ፌስታል የለም በላቸው።»

«እነግራታለሁ» ብሎ ሄደ።

በቀጣዩ ጉዞ ሲመጣ ከሽሮው ጋር በገመድ የታሰረ፣ ገና ከፋብሪካው እንደወጣ የሚያብረቀርቅ አንድ እስር አዲስ ፌስታል ይዞ ገባ።

«እናቴ አዝናለች» አለ። «'ልጄ ፌስታል እንኳ የሌለበት አገር ነው የምትኖረው? እንዴት ችላ ከረመች?' ብላ ከመርካቶ ገዝታ ላከችልሽ።»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ያያል። እስሩን መጣል አልችልም፣ መጠቀም አልፈልግም፣ የሰው ፍቅር ስለሆነ መመለስም ነውር ነው። ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልነው። ኤዶ ሊያዩት መጡና ቀና ብለው «ይሄ ሁሉ የስንት ፍየል ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ለአክስቱ በእጁ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ሽሮው ከአሮጌ አንሶላ በተሰፋ ከረጢት ይመጣ ጀመር፤ አፉ በክር የሚሳብ፣ ጠርዙ በእጅ የተዘመዘመ። ከረጢቶቹን አጥቤ እመልስላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ሞልተው ይልኩልኛል።

ኤዶ በበኩላቸው የቀሩትን ሁለት ፍየሎች አሰሩ። አንድ ሳምንት አልሞላም። ፍየሎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ጮኹ፣ ገመዱን በሉ፣ የሰፈሩ ሰው ተማረረ። «እስረኛ መጠበቅ አልችልም» ብለው ፈቷቸው። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ሳይ ግን ኤዶ የግቢውን በር ከመክፈታቸው በፊት ብቻቸውን መንገድ ላይ ናቸው። አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ በሌላው ከቤታችን ፊት ያለውን ፌስታል እያንዳንዱን ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ወጣሁ።

«ይተዉ ኤዶ፣ ወገብዎን!»

«እንግዲያው አንቺ ጎንበስ በይ፣ እኔ ጆንያ እይዛለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ባለቤቴ ጫፉ ላይ ሚስማር የተመታበት ዱላ ሠራልን፤ እኔ እወጋለሁ፣ እሳቸው ጆንያውን ከፍተው ይይዛሉ። ከቤታችን በር እስከ መንገዱ ጥግ፣ ከዚያም በሌላው ወገን እስከ ሱቁ። የበረሃው ነፋስ በሚነሣበት ወር ከንቱ ድካም ነበር፤ ለቅመን ሳንዞር ሌላው ይመጣል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። ጥጉ ላይ ጫት የምትሸጥ ሴት በየቀኑ «ኤዶ፣ ማዘጋጃ ቤት ቀጠረሽ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም በየቀኑ «አዎ፣ አለቃ ነኝ። ነገ አንቺን እቀጥራለሁ» ይሏታል። አንድ ሁለት ወር እንዲህ ሲሰዳደቡ ቆይተው ሴትዮዋ ጫት የጠቀለለችባቸውን ፌስታሎች ሰብስባ፣ ድንጋይ ጭና ትጠብቀን ጀመር።

እኔ ጅቡቲን የለመድኩት በነዚያ ጠዋቶች ነው። ሶማልኛ የተማርኩትም ያኔ ነው፤ ኤዶ ያየነውን ሁሉ ስሙን ይነግሩኛል፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ ስሳሳት በጆንያው አፍ ይመቱኛል። ስለ ድሬዳዋም ያወሩልኛል። ከጎረቤታቸው አንዲት የአማራ ልጅ ጓደኛቸው ነበረች። ሁለቱ አንድ ዘንቢል እየያዙ፣ አንዳቸው በአንዱ እጀታ፣ አንዳቸው በሌላው፣ ለእናቶቻቸው ቀፊራ ገበያ ይላላኩ ነበር።

«ስንጣላስ?» አሉኝ አንድ ቀን። «ስንጣላም ዘንቢሉን መልቀቅ አይቻል። እኔ ወደዚያ አያለሁ፣ እሷ ወደዚህ ታያለች። ዘንቢሉ መሀል ነው። ቤት ስንደርስ ታርቀናል።»

«አሁን የት ናት?»

«አላውቅም። እኔ ጅቡቲ ተዳርኩ። እሷ… ማን ያውቃል?» ጆንያውን ትንሽ ከፍ አደረጉ። «አማርኛዬ የሷ ነው። ስትናገሪ አንዳንዴ እሷ ትመስይኛለሽ።»

 አጠገባቸው የነበረውን ፌስታል ወግቼ ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ያን ቀን ከወትሮው ርቀን እስከ ዋናው መንገድ ለቀምን።

ሦስት ዓመት ገደማ እንዲህ ኖርን። ፍየሎቹ ከዚያ በኋላ አልታመሙም፤ በኛ ለቀማ ይሁን በዕድላቸው አላውቅም። እኔ ኤዶ በድንች የተሳሳቱትን በኋላ እውነት አደረግሁት፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሕፃኗ ከፍ ስትል ቤቱ ጠበበንና ከከተማው ዳር ባልባላ፣ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ወጥተን ሌላ ቤት ተከራየን። የመለያየቱን ቀን ማውራት አልፈልግም።

ዋራበሌ በገባን በሁለተኛው ወር አንድ ዓርብ ቀን በሩ ተንኳኳ። ኤዶ ነበሩ። በዚያ ጉልበታቸው ሚኒባስ ተሳፍረው፣ አቀበቱን በእግራቸው ወጥተው መጥተዋል። ላባቸው ይወርዳል። በሁለት እጃቸው ጥንቅቅ አድርገው የያዙት ፌስታል ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ አፉ የተቋጠረ።

«አትታዘቢኝ» አሉ ገና ሳልስማቸው። «አንዷ ፍየል ወልዳ ለልጅሽ ወተት ይዤ ስወጣ ጠርሙሱ ወደቀብኝ። ሌላ ዕቃ ከየት ላምጣ?»

«ኧረ ይግቡ ኤዶ! ማን ምን አለዎት?»

ወተቱን ድስት ውስጥ ገለበጥን። ጠብታ አልፈሰሰም። አፍልቼ ለልጄ በኩባያ አቀረብኩላት፤ ኤዶ አቅፈዋት ራሳቸው አጠጧት። ከዚያ ተነሥተው ፌስታሉን ውስጡን ገልብጠው በሳሙና አጠቡትና ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አሰጡት። ባለቤቴ ከደጅ ሲገባ ልብሳችን መሀል ፌስታል ተሰጥቶ አይቶ ቆም አለ፤ ኤዶን ሲያይ ግን ምንም ሳይጠይቅ ዝቅ ብሎ ሳማቸው።

ከሰዓት በኋላ ሊሄዱ ሲነሡ ፌስታሉ ደርቋል። ከገመዱ አውርደው በአራት አጠፉትና ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ልውሰደው» አሉ። «በሚቀጥለው ዓርብ እመጣበታለሁ።»

ጠርሙስ ልስጥዎት ብላቸው ይከብደኛል አሉ። ልጄን አዝዬ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኋቸው። በሚቀጥለው ዓርብ መጡ፤ በዚያው ፌስታል።